ዋና የማይችሉ ሙሽሮች ዛንዚባር ላይ ስኖርክል ማድረግ ይችላሉ ወይ ለተባለው

እህቴ እንኳን ደስ አላችሁ! ሌላውም አንባቢ እንዲገባው ጥያቄሽን መጀመሪያ ላሳጥረው፦ ሰርጋችሁ ከፋሲካ በኋላ ነው፣ ከዛ ለሃኒሙን ታንዛኒያ፣ ዛንዚባር ትሄዳላችሁ፣ ሁለታችሁም ዋና አትችሉም፣ አንዱ ኤጀንት "ምኔምባ ደሴት፣ ከዶልፊን ጋር ስኖርክል" የሚል የአንድ ቀን ፓኬጅ ሰጥቷችኋል (ስኖርክል ማለት ማስክና መተንፈሻ ቱቦ አድርጎ ከውሃው ላይ ሆኖ ከስር ያለውን ማየት ነው)፣ ሌላው ፕሪዝን አይላንድ ይሻላል ይላል፣ ሶስተኛው ደግሞ ሳፋሪ ብሉ። የቱን እንምረጥ፣ ለኛ አይነት ሰው አደጋ የለውም ወይ፣ ምን እንያዝ፣ እጮኛዬ ደግሞ ሃላል ስጋ አይበላም ጀልባው ላይ ምን ሊበላ ነው ብለሻል። እኔ እንግዲህ እዛው ዛንዚባር ሰው ውሃ ውስጥ እያስገባሁ ነው የምኖረው፣ አብዛኛው የሀገሬ ሰውም ይሄንኑ ነው የሚጠይቀኝ፣ ስለዚህ ትንሽ ስለሚረዝም ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

አዎ ትችላላችሁ። ስኖርክል ለማድረግ ፊትን ውሃው ላይ ደፍቶ መንሳፈፍና በአፍ መተንፈስ በቂ ነው፣ ጨዋማ ውሃ ደግሞ ከላንጋኖም ከሶደሬ ፑልም በላይ ያንሳፍፋል፣ በደንብ የታሰረ ላይፍ ጃኬት ሲጨመርበት ደግሞ ውሃው ላይ ያቆይሻል። ዋና የማይችል ሰው ላይ ችግር የሚያመጣው ድንጋጤ ነው። ድንጋጤውን የሚያመጡት ደግሞ ሁለት ነገሮች ናቸው፣ በየትኛው ሰዓት ውሃ ውስጥ እንደገባሽና አጠገብሽ ማን እንዳለ። የደሴቱ ስም ከዛ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። ኤጀንቶቹ ግን የሚሸጡልሽ የደሴቱን ስም ብቻ ነው፣ ፎቶው የሚያምረው እሱ ነዋ።

ከወቅቱ ልጀምር ምክንያቱም ይሄንን ማንም አልነገረሽም ብዬ እገምታለሁ። የኛ ሰው የሚያገባው በጥር ወይ ከፋሲካ በኋላ ነው አይደል፣ ባህሩ ደግሞ እነዚህን ሁለት ወቅቶች እኩል አይቀበላቸውም። ከታህሳስ እስከ የካቲት ገደማ ካስካዚ የሚሉት የሰሜን ምስራቅ ነፋስ ነው የሚነፍሰው፣ ይሞቃል፣ ይደርቃል፣ ውሃውም ጥርት ይላል፣ የጥር ሙሽራ እድለኛ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ግን ማሲካ የሚባለው ዋናው ዝናብ ነው፣ ሚያዝያ ላይ ይብሳል፣ ግንቦት እየገባ ሲሄድ ይቀንሳል። ከፋሲካ በኋላ ያገባ ሰው እንግዲህ ቀጥታ ማሲካ ውስጥ ነው የሚያርፈው፣ ሆቴሉ የረከሰላችሁም ለዚሁ ነው፣ እንደውም በዚህ ሰሞን የሚዘጉ ሆቴሎች አሉ። አትደንግጪ ግን፣ ዝናቡ እንደ አዲስ አበባ ክረምት ሆኖ የሚውልበት ቀን ቢኖርም ብዙ ጊዜ ወርዶ ወርዶ ያቆምና ፀሀይ ይወጣል፣ ውሃውም ሞቃት ነው፣ ቱሪስቱም ስለሚቀንስ ጀልባው ላይ አትጨናነቁም። ማድረግ ያለባችሁ የጀልባውን ቀን አለመቆለፍ ነው። በመጨረሻው ቀን አታድርጉት፣ እንደደረሳችሁ በሁለተኛው ወይ በሶስተኛው ቀን ያዙት፣ ከተበላሸ ወደሚቀጥለው ቀን የሚገፋበት ቦታ ይኑረው። ደግሞ ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ ኩሲ የሚባለው ከደቡብ የሚመጣው ነፋስ ስለሚነሳ የምስራቁ የባህር ዳርቻ (ምኔምባ ያለው እዛ ነው) ማዕበሉ ይጨምራል፣ በምዕራብ ያለው የስቶን ታውን (የዛንዚባር የድሮዋ ከተማ) በኩል ደግሞ ደሴቱ ራሱ ስለሚከልለው ረጋ ይላል። ዋና ለማይችል ሰው ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው።

ሁለተኛው ታይድ ነው፣ የውሃው መሙላትና መጉደል። ላንጋኖን ጠዋት ትተሽው ከሄድሽበት ማታም ታገኚዋለሽ፣ የዛንዚባር ባህር ግን ይሄዳል። ፓጄ፣ ጃምቢያኒ፣ ማቴምዌ (የምስራቁ ዳርቻ መንደሮች ናቸው) ሆቴል የያዘ ሰው ጠዋት ተነስቶ መስኮት ሲከፍት ባህሩ የለም፣ በሩቁ ነጭ መስመር ብቻ ነው የሚታየው፣ ሴቶቹ ባዶው አሸዋ ላይ የባህር አረም እየለቀሙ ነው፣ ባህሩ ከሰዓታት በኋላ ይመለሳል። በቀን ሁለቴ ይሞላል ሁለቴ ይጎድላል፣ ከመሙላት እስከ መጉደል ስድስት ሰዓት ከምናምን ነው፣ በየቀኑም ወደ 50 ደቂቃ እየዘገየ ይሄዳል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ጨረቃ ስትወጣ ልዩነቱ እስከ 4 ሜትር ይደርሳል፣ ያን ሁሉ ውሃ በዛች ሰዓት ውስጥ የሚያንቀሳቅሰው ጅረት ደግሞ ዋናተኛውንም ይወስደዋል። ጨረቃ ግማሽ በሆነችበት ሰሞን ግን ልዩነቱ ያንሳል፣ ጅረቱም ይለዝባል፣ ለጀማሪ የሚመረጠው እሱ ነው። ከቻላችሁ የሰርጉን ቀን ባትቀይሩም (ሃሃ) የጀልባውን ቀን ጨረቃዋን አይታችሁ ያዙ። በዕለቱ ደግሞ ውሃው ሞልቶ ወይ ጎድሎ ለጥቂት ጊዜ ቆም የሚልበት ሰዓት አለ፣ ጥሩ ጋይድ እንግዶቹን የሚያስገባው ያኔ ነው። ስለዚህ ኤጀንቱን "ስንት ሰዓት ነው የምንነሳው" ስትይው "ሁልጊዜ በ3 ሰዓት" ካለሽ ጥርጣሬ ይግባሽ፣ ባህሩ ሁልጊዜ በ3 ሰዓት ዝግጁ አይሆንማ። "የዛን ቀን ታይዱ በዚህ ሰዓት ስለሚሞላ በዚህ ሰዓት እንነሳለን" የሚልሽ ሰው ነው የሚታመነው።

ስለ ሰዓት ካነሳን አይቀር፣ ስዋሂሊዎች ሰዓት የሚቆጥሩት ልክ እንደኛ ነው! ፀሀይ ከወጣች ጀምሮ፣ ሳ ምቢሊ ማለት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ለቱሪስት ሲያወሩ ግን በፈረንጅ ይቀይሩታል፣ አንዳንዱ ደግሞ መቀየሩን ይረሳል። ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዙ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ደግማችሁ ጠይቁ። "እኛም እንደናንተ ነው የምንቆጥረው" ስትያቸው ፊታቸው እንዴት እንደሚበራ ታያለሽ፣ ከዛ በኋላ ዘመድ ነሽ።

አሁን ወደ ቦታዎቹ። ምኔምባ በጣም ቆንጆ ነው፣ ልዋሽሽ አልችልም፣ ኮራሉም (ባህር ስር ያለው ድንጋይ የሚመስል ህይወት ያለው ነገር) ዓሳውም ከሌሎቹ ይበልጣል፣ የውሃው ቀለም ፎቶ ላይ ያየሽው ነው። ግን ሶስት ነገር እወቂ። አንደኛ ደሴቱ የግል ሎጅ ነው፣ እዛ ካላደርሽ እግርሽ አይረግጠውም፣ "ምኔምባ ደሴት ጉብኝት" የሚለው ፓኬጅ ደሴቱን ከውሃ ላይ ማየት ማለት ነው። ሁለተኛ ስኖርክል የሚደረገው ከጀልባው ወርደሽ እግርሽ መሬት የማይነካበት ቦታ ላይ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ማስክ ላጠለቀ ዋና ለማይችል ሰው ደግሞ ከባዱ ያ ነው። ሶስተኛ ከማቴምዌ ከተነሳችሁ ቅርብ ነው፣ ከሰሜኑ ጫፍ ከኑንግዊ ከሆነ ግን ረጅም የጀልባ መንገድ ነው፣ ማዕበል ባለበት ቀን ሙሽሪትም ሙሽራውም ሲያስመልሱ ነው የሚደርሱት። ምኔምባ የጥበቃ ቦታ ስለሆነ መግቢያም ይከፈልበታል፣ ፓኬጁ ውስጥ ይግባ አይግባ አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ጀልባ ላይ ከወጣችሁ በኋላ "ይሄ ለብቻው ነው" የሚል ነገር ያናድዳል።

ፕሪዝን አይላንድ፣ በስዋሂሊ ቻንጉ፣ ከስቶን ታውን በጀልባ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1893 የሱልጣኑ መንግስት ዋና ሚኒስትር የነበረው እንግሊዛዊው ሎይድ ማቲውስ እስር ቤት አሰርቶበት ነበር፣ እስረኛ ሳይገባበት የቢጫ ወባ ታማሚ ተለይቶ የሚቆይበት ቦታ ሆነ። አሁን ሰው የሚሄደው ለግዙፎቹ ኤሊዎች ነው፣ በ1919 ከሲሸልስ በስጦታ የመጡት የአልዳብራ ኤሊዎች ዘሮች ናቸው፣ መቶ ዓመት ያለፋቸውም አሉ፣ ቅጠል ትሰጫቸዋለሽ። ስኖርክሉ እንደ ምኔምባ አይደለም፣ ዓሳ አለ፣ ኮራሉ ግን ደከም ያለ ነው። ጥቅሙ ምንድነው፣ ብዙ ጊዜ ከናኩፔንዳ ጋር ነው የሚሸጠው፣ ናኩፔንዳ ባህሩ መሀል ውሃው ሲጎድል ብቅ የሚል ሲሞላ የሚጠፋ ነጭ አሸዋ ነው፣ እዛ ጋ ውሃው እስከ ወገብሽ እየሆነ ቆመሽ ማስክ መለማመድ ትችያለሽ። ደግሞ ስትሄዱም ስትመለሱም ስቶን ታውንን ከባህር ታያላችሁ፣ ኦማኖች የሰሩት የድሮው ምሽግ፣ በ1883 የተሰራው የሱልጣኑ ቤተመንግስት ቤይት አል አጃይብ (በ2020 ታህሳስ ላይ ከፊሉ ፈርሷል)፣ ከባህር በኩል ከተማዋ እንዴት ለነጋዴ ፊቷን ሰጥታ እንደተሰራች የሚገባሽ ከጀልባ ስታይው ነው። በእግር ስትዞሪ አይታይም ይሄ።

ሳፋሪ ብሉ የሚሉት ከደቡብ ምዕራብ ከፉምባ ተነስቶ ሜናይ ቤይ ውስጥ የሚዞር የሙሉ ቀን ጉዞ ነው፣ ስሙ የአንድ ድርጅት ነው ግን አሁን ሁሉም ሰው ተመሳሳይ ጉዞ እየሸጠ በዛው ስም ይጠራዋል። በሸራ ጀልባ ትሄዳላችሁ፣ ስኖርክል አለ፣ አሸዋ ላይ ማረፊያ አለ፣ ማንግሮቭ (ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ) የከበበው የተረጋጋ ውሃ አለ፣ ክዋሌ ደሴት ላይ ምሳ፣ የወደቀ ትልቅ የባኦባብ ዛፍ ላይ መውጣት። ዋጋው ከሶስቱ ይወደዳል ግን ምሳውም ቀኑም ሙሉ ነው፣ ብዙ ነገር ስላለው ደግሞ አንደኛችሁ ውሃ ቢፈራ እንኳን ቀኑ አይበላሽም። ለሃኒሙን እኔ የምወደው ይሄን ነው።

አራተኛ ልጨምርልሽ፣ ገንዘብ ካላችሁ ቹምቤ ደሴት። ከ1994 ጀምሮ ዓሳ ማጥመድ የተከለከለበት የጥበቃ ቦታ ነው፣ በ1904 የተሰራ የመብራት ማማ አለው፣ ኮራሉ ቅርብ ነው፣ ጋይዶቹም ውስጡን አንድ በአንድ ያውቁታል። በቀን የሚያስገቡት ሰው ጥቂት ስለሆነ አስቀድማችሁ መያዝ ግድ ነው፣ በዝናቡ ወቅትም ክፍት መሆኑን ጠይቁ።

እኔ በናንተ ቦታ ብሆን፣ በመጀመሪያው ቀን ሆቴሉ ፑል ውስጥ ማስክ ይዤ እለማመዳለሁ፣ ቀጥሎ ናኩፔንዳና ፕሪዝን አይላንድ ወይ ሳፋሪ ብሉ፣ ምኔምባን ደግሞ ሁለታችሁም "ደስ አለኝ እንደገና ልግባ" ካላችሁና አየሩ ከፈቀደ ብቻ። የመጀመሪያው ኤጀንት ግን ቀጥታ ከምኔምባ ነው ያስጀመራችሁ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ጋይዱ። ብዙ ርካሽ ጉዞዎች ላይ ሃያ ሰው ይጫንና ውሃ ውስጥ የሚገባው አንድ ልጅ ነው፣ እሱም ካሜራ ይዞ ቪዲዮ ሲቀርፅ ነው የሚውለው፣ ሌላው ጀልባው ላይ ቁጭ ብሎ ስልክ ይነካካል። ዋና ለሚችል ፈረንጅ ይሄ ችግር የለውም። ለናንተ ግን አንድ ሰው ለሁለታችሁ ብቻ ውሃ ውስጥ መግባት አለበት፣ ጨምረሽ ክፈዪና አስገቢው፣ ከሆቴሉ ክፍል ቀንሰሽም ቢሆን። ስትጠይቂ እንዲህ በይ፦ ከኛ ጋር ውሃ ውስጥ የሚገባው ማነው፣ ሪንግ (የሚንሳፈፍ ጎማ) ይዞ ይገባል ወይ፣ በኛ ልክ ላይፍ ጃኬት አላችሁ ወይ፣ ጀልባው መሰላል አለው ወይ። የመጨረሻዋን ሰው ይንቃታል፣ ግን ውሃ ውስጥ ከደከመሽ በኋላ መሰላል የሌለው ጀልባ ላይ መውጣት እንዴት እንደሚያስፈራ የሚያውቀው የወጣ ነው፣ በእጅሽ ተጎትተሽ በሆድሽ ነው የምትገቢው። ሪንግ ያልኩሽ ደግሞ ጋይዱ በገመድ እየጎተተው አንቺ በእጅሽ ይዘሽው ፊትሽን ወደታች አድርገሽ ብቻ የምታዪበት ነው፣ መዋኘት አይጠበቅብሽም፣ አንዳንድ ሰው ያፍራል "እንደ ህፃን" ብሎ፣ በጣም ብዙ እንግዶቼ ግን የመጀመሪያቸውን እንዲህ ነው ያዩት። ላይፍ ጃኬቱ ከታች በደንብ ይታሰር፣ ካልታሰረ ውሃ ውስጥ ወደ ጆሮሽ ይወጣል፣ ያኔ አንገትሽን ያንቅሽና ትደነግጫለሽ።

ማስክ ሲሰጡሽ ማሰሪያውን ሳታጠልቂ ፊትሽ ላይ አስቀምጪውና በአፍንጫሽ አየር ሳቢ፣ እጅሽን ስትለቂ ፊትሽ ላይ ተጣብቆ ከቀረ ልክሽ ነው፣ ከወደቀ ሌላ አምጡ በይ፣ ይሉኝታ አይያዝሽ። ፀጉር ከጎማው ስር ከገባ ውሃ ያስገባል፣ ስለዚህ ለሰርግ የተሰራሽው ሂዩማን ሄር ወደ ኋላ በደንብ ይታሰር፣ ብታወልቂው ደግሞ የተሻለ ነው፣ ጨውና ፀሀይ ይጨርሰዋል፣ ሹሩባ ከሆነ ምንም ችግር የለም። በጣም የረዘመ አርቲፊሻል ሽፋሽፍትም መስታወቱን እየነካ ያስቸግራል (ይሄን ስል የሚናደዱብኝ ሙሽሮች አሉ)። እጮኛሽ ፂም ካለው ከላይኛው ከንፈር በላይ ያለውን አፍንጫ ስር ትንሽ ያሳጥረው፣ ውሃ የሚገባው በዛ ነው። ፊትን ሙሉ የሚሸፍነውን አዲሱን አይነት ማስክ ለጀማሪ አልመክርም፣ ምቾቱ ያታልላል፣ ግን የተነፈሽው አየር ውስጡ ሊቀር ይችላል፣ ሲያስጨንቅሽም ቶሎ አይወልቅም። መስታወቱ ጉም እንዳይዘው ትንሽ ምራቅ ቀብተሽ እጠቢው፣ የሚያስጠላ ይመስላል ግን ሁላችንም የምናደርገው ነው።

ከዛ ወገብሽ ድረስ ባለው ውሃ ቆመሽ ቱቦውን አፍሽ ውስጥ አድርገሽ ፊትሽን ብቻ ክተቺ፣ ዝም ብለሽ ረጅም ረጅም ተንፍሺ። የመጀመሪያዎቹ ትንፋሾች ላይ ሰውነትሽ "ውሃ ውስጥ አትተንፍሺ" ይልሻል፣ ሁሉም ሰው ላይ ነው የሚሆነው፣ ቀና በይ፣ ሳቂ፣ እንደገና ግቢ። ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። ትንፋሹ ከረጋ በኋላ ሌላው ቀላል ነው፣ ሰውነት ራሱ ይንሳፈፋል። ቱቦው ውስጥ ውሃ ከገባ "ቱ" ብለሽ በሀይል ንፊው ይወጣል። ሲጨንቅሽ አትቁሚ፣ በጀርባሽ ተገልበጪ፣ ጃኬቱ ይይዝሻል፣ ማስኩን አውልቀሽ ሰማዩን እያየሽ ተንፍሺ፣ ጋይዱን ጥሪ። እዚህ ላይ አንድ ነገር፣ ውሃ ውስጥ ሆኖ እጅን ወደላይ ማወዛወዝ የ"እርዱኝ" ምልክት ነው፣ ስለዚህ ጀልባ ላይ ላለ ካሜራ ሰላም ለማለት እጅሽን አታወዛውዢ፣ ደህና ነኝ ለማለት ጭብጥሽን አናትሽ ላይ አድርጊ። አስም፣ የልብ ችግር፣ ከፍተኛ ደም ግፊት ያለበት ሰው ከሆነ ከመሄዱ በፊት ሀኪሙን ያናግር፣ ቀልድ አይደለም።

እግርሽን ኮራል ላይ እንዳታሳርፊ። ኮራል ህይወት ያለው ነገር ነው፣ በዓመት የሚያድገው በጣም ጥቂት ነው፣ አንድ እግር የዓመታት ስራ ያፈርሳል፣ አንቺንም ይቆርጥሻል ቁስሉም ቶሎ አይድንም። ድንጋዩ ስር ደግሞ ጥቁር የባህር ጃርት ሞልቷል፣ እሾሁ እግር ውስጥ ይሰበራል። ብዙ ቦታ ወደብ ስለሌለ ጀልባው ጋ የምትደርሺው ውሃ ውስጥ እየሄድሽ ነው፣ ስለዚህ የውሃ ጫማ ግዢ፣ በጣም ርካሹ ኢንሹራንስ እሱ ነው። አሸዋው ላይ ጋይዶች ኮከብ የምትመስለውን የባህር እንስሳ አውጥተው ለፎቶ ፀጉርሽ ላይ ሊያደርጉልሽ ይሞክራሉ፣ ከውሃ ስትወጣ ትሞታለች፣ "አይ ይቅርብኝ" በያቸው። እነሱም የሚያደርጉት ቱሪስት ስለሚጠይቃቸው ነው።

ዶልፊኑስ? ዶልፊን አለ፣ በደቡብ ኪዚምካዚ በኩል በብዛት አለ፣ ምኔምባም አካባቢ ያልፋሉ። ግን "ከዶልፊን ጋር መዋኘት" ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ አስር ጀልባ እንስሶቹን ከቦ ማሳደድ ነው፣ ሞተሩ እየጮኸ "ዝለሉ ዝለሉ!" ይላሉ፣ ዋና የማይችል ሰው ጥልቅ ውሃ ውስጥ ጀልባ በሚርመሰመስበት መሀል መዝለል የለበትም፣ ነጥብ። እንስሶቹም ይረበሻሉ፣ ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚያርፉበት ሰዓት ነው የሚወሰድባቸው። በመንገዳችሁ ከመጡ ከጀልባ ላይ ሆናችሁ ሞተር ቀንሶ እያዩ ማለፍ ይበቃል፣ እውነት ለመናገር ከላይ ሆኖ ማየቱ የበለጠ ይታያል።

ምግቡ ቀላል ነው። ዛንዚባር አብዛኛው ሰው ሙስሊም ስለሆነ ስጋና ዶሮ ሃላል ነው ማለት ይቻላል፣ ጀልባ ላይ ግን ዋናው ምግብ የተጠበሰ ዓሳ፣ ሩዝ በኮኮናት፣ ቻፓቲ፣ ባቄላና ፍራፍሬ ስለሆነ እጮኛሽ አይራብም። ሎብስተርና ኦክቶፐስም ያቀርባሉ፣ ብዙ የኛ ሰው አይነካውም፣ ስለዚህ ከአንድ ቀን በፊት "ዓሳ ብቻ፣ በሳህን ለብቻው" ብላችሁ ንገሩ፣ አንድ ላይ ነው የሚጠበሰው አለበለዚያ። ረቡዕና አርብ ደግሞ በዓለ ሃምሳ ስለሚሆን የጾም ጭንቀት የለባችሁም። ጠዋት በባዶ ሆድ ጀልባ ላይ አትውጡ፣ ዳቦና ሙዝ ይበቃል፣ የሚያዞራችሁ ከሆነ የማቅለሽለሽ መከላከያ ኪኒኑን ፋርማሲ ጠይቃችሁ ከመነሳታችሁ አንድ ሰዓት በፊት ውሰዱ፣ ከጀመረ በኋላ ብዙም አይሰራም። አይናችሁን ስልክ ላይ ሳይሆን ሩቅ አድማሱ ላይ አድርጉ።

ልብስ፣ ጀልባ ላይ የዋና ልብስ ችግር የለውም፣ መንደርና ስቶን ታውን ውስጥ ስትገቢ ግን ትከሻና ጉልበት ይሸፈን፣ አንድ ነጠላ ቦርሳሽ ውስጥ ካለ ሁሉንም ይፈታል። ውሃ ውስጥ እጅጌው ረጅም የሆነ የዋና ቲሸርት ልበሺ፣ "ጥቁር ቆዳ ፀሀይ አያቃጥለውም" የሚለውን ተይው፣ ፊታችሁን ደፍታችሁ ስትንሳፈፉ ጀርባና ባት ነው የሚቃጠለው፣ ማታ መተኛት ያቅታችኋል። እና አደራ፣ ቀለበቶቻችሁን ሆቴል ካዝና ውስጥ ትታችሁ ውጡ! ጣት ውሃ ውስጥ ይኮማተራል፣ ሰንስክሪኑ ያንሸራትታል፣ አዲስ ቀለበት ደግሞ ገና ጣቱን አልለመደም፣ ከኮራል ስር ቀለበት ፈልጉልን ያሉኝ ሙሽሮች አሉ።

ወረቀቱን በአጭሩ፦ ቢጫ ካርድ (የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ) ያስፈልጋችኋል፣ ከኢትዮጵያ ስለምትሄዱ ይጠይቋችኋል፣ ክትባቱ ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ነው የሚፀናው፣ በሰርግ ግርግር እንዳትረሱት። ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ ዜጋ የራሷን የጉዞ ኢንሹራንስ በነፍስ ወከፍ በ44 ዶላር መግዛት አለበት፣ ሌላ ኢንሹራንስ ቢኖራችሁም አይተካም፣ በኦንላይን ከፍላችሁ ወረቀቱን ያዙ። ቪዛውን ለመጨረሻ ሰዓት አትተዉት። ፌስታል ደግሞ በዛንዚባርም በዋናው ታንዛኒያም የተከለከለ ስለሆነ ሻንጣ ውስጥ እቃ በፌስታል እየጠቀለላችሁ እንዳትሄዱ፣ የኛ ሰው ልማድ ነው።

ክፍያውን በተመለከተ ሙሉውን ከአዲስ አበባ አትላኩ። ትንሽ ቀብድ፣ የቀረው ጀልባው ጋ ደርሳችሁ መሰላሉን፣ ጃኬቱንና ጋይዱን በአይናችሁ አይታችሁ። አየሩ ከተበላሸ ቀኑ እንደሚቀየር ወይ ብሩ እንደሚመለስ በዋትሳፕም ቢሆን በፅሁፍ ይስጧችሁ። እና የዛን ጠዋት ካፒቴኑ "ዛሬ ባህሩ አይሆንም" ካለ አትከራከሩት፣ ሌላ የሚወስዳችሁ ጀልባ ባህር ዳርቻው ላይ አይጠፋም፣ እሱን አትሳፈሩ።

የምትሄዱበትን ቀን ከነገርሽኝ የዛን ሳምንት ታይድ አይቼ የቱ ቀን እንደሚሻል እፅፍልሻለሁ።